የደሴው ፎቅ ካፌ፦ ማኪያቶው ግሩም፣ ዋይፋዩ እንደ ዕድል

ካፌ የማዘወትር ሰው አይደለሁም። ቡና ሲያምረኝ ቤቴ አፈላለሁ፤ ጎረቤት ይጠራል፣ እስከ በረካ ይጠጣል፣ አለቀ። ስለዚህ ይህን ከካፌ ካፌ የሚዞር ሰው አስተያየት አድርጋችሁ አትዩት። የሒሳብ መምህርት ነኝ። አንድ ምሽት፣ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ አንድ ጠረጴዛ ይዤ ተቀመጥኩ። በዚያ ምሽት አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድሜ የትኛውን አይሮፕላን፣ ከየትኛው ከተማ እየተነሣ እንደሚያበር ምርጫውን ሞላ። ካፌው የተፈተነው በዚህ ነው።

ቦታው ደሴ፣ ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ኋላ የምወቅሰው ነገር አለኝና ልጆቹን ማስቀየም አልፈልግም። ሊፍት የለውም። ደረጃው 54 ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ዳገት የለመደ ደሴዬን እንኳ ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

ለምን ቤቴ አልሆንኩም? ቤታችን ሰኞ ገበያ በኩል ነው፤ ኔትወርክ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። እውነተኛው ምክንያት ግን እናታችን ናት። የቪዲዮ ጥሪ ከሆነ ስልኩን ከእጇ የሚያስለቅቃት የለም። ልጇ ሰዓት እየቆጠረ ሳለ «ከስተሃል፣ ምን በላህ?» እያለች ሰዓቱን ትጨርሰው ነበር።

ሐምሌ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ጦሳ ከምሳ ጀምሮ ጉም ለብሷል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጃንጥላዬን እያንጠባጠብኩ ገባሁ። አስተናጋጇ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ሆና ተገኘች። «ቲቸር!» ብላ ከመስኮቱ ሁለተኛውን ጠረጴዛ ሰጠችኝ፤ ዋይፋዩ እዚያ ይሻላል አለች። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ካሸሩ ኋላ በወረቀት ተለጥፏል። አንዷ ፊደል ትልቅ ትሁን ትንሽ ለማወቅ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ።

ማኪያቶው መጣ። እዚህ ላይ ነቀፋ የለኝም። ወተቱ አልተቃጠለም፣ ቡናው ከላይ ያለች ጥቁር መስመሩን ይዟል፣ ብርጭቆው ትኩስ ነው። 50 ብር። ደሴ በሐምሌ ብርድ እጅ የሚያሞቅ ብርጭቆ ራሱ ግማሽ አገልግሎት ነው።

ከዚያ ወንድሜ ደወለ። እሱ ለሥልጠና ያለበት ቴክሳስ በዚያ ወቅት ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ እዚያ ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል። አንድ ትልቅ አየር መንገድ ቀጥሮት ሥልጠና ከጀመረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ከእሱ ጋር 28 አዲስ አብራሪዎች ናቸው። የክፍት ቦታ ዝርዝር ሰጥተዋቸዋል። እስከ እነሱ ቀን 7 ሰዓት፣ እስከ እኛ ማታ 3 ሰዓት ምርጫቸውን በቅደም ተከተል ሞልተው ማስገባት አለባቸው። «ቢድ» ይሉታል።

«እታበባ፣ ሒሳብሽን ይዘሽ ነይ» ብሎኝ ነበር በዋዜማው።

ልጁ እዚህ የደረሰው በአንድ ጀንበር አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ የመንገደኞች አይሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠበቀ፤ ከ2013 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን እንኳ በአብዛኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። ወንድሜ ሰዓቱን የሞላው ሌሎችን በረራ እያስተማረ ነው። ከዚያ በአንድ አነስተኛ አየር መንገድ ኢምብራየር 175 አበረረ። ካፒቴንም ሆነ፣ ግራ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አሁን ወደ ትልቁ ሲዛወር ተመልሶ የረዳት አብራሪው ቀኝ ወንበር ላይ፣ ተመልሶ የሁሉ መጨረሻ ሆነ። ይሄ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ካፒቴን የነበረ ሰው እንዴት እንደገና ጀማሪ ይሆናል?

ነገሩን የተረዳሁት በእኛው መናኸሪያ ነው። የኮምቦልቻ ሚኒባሶች በተራ ይጭናሉ። መኪናህ አዲስ ሆነ አሮጌ፣ የሐረጎን ዳገት ሃያ ዓመት ተመላልሰህበት ቢሆን፣ ተራ አስከባሪው ግድ አይሰጠውም። ስትመጣ ከኋላ ትቆማለህ። ተራህን ጥለህ ወደ ሐይቅ መስመር ከዞርክ እዚያም ጭራ ነህ። የአሜሪካ አብራሪዎች ኑሮም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ አየር መንገድ የራሱ ሰልፍ አለው። ቁጥርህ ከተቀጠርክበት ቀን ይነሣል፤ ወደ ሌላ ኩባንያ ይዘኸው አትሄድም። የትኛውን አይሮፕላን እንደምታበር፣ ከየት እንደምትነሣ፣ መቼ ካፒቴን እንደምትሆን፣ የዓመት ዕረፍትህን በየትኛው ወር እንደምትወስድ፣ በዓል ቤትህ መዋል አለመዋልህ፣ ሁሉም በዚህች ቁጥር ነው።

ታዲያ 28ቱ በአንድ ቀን ከተቀጠሩ ማን ይቅደም? አንዳንዱ አየር መንገድ በዕድሜ ያሰልፋል፤ ትልቁ ይቀድማል። ሌላው መንግሥት ለየሰው የሚሰጠውን መለያ፣ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥራቸውን፣ የመጨረሻ አራት አኃዞች ያያል። የወንድሜ በዕድሜ ሆነ። 34 ዓመቱ ነው፤ 19ኛ ወጣ። 1ኛው የ51 ዓመት ሰው ነው፣ የቀድሞ የጦር አይሮፕላን አብራሪ። «ትልቅ ይቅደም ያለው ወሎዬ መሆን አለበት» አልኩት። ሳቀ። ያም ቢሆን ምክንያት አለው፤ አሜሪካ ውስጥ የአየር መንገድ አብራሪ 65 ዓመት ሲሞላው መቀመጫውን ይለቃል። የ51 ዓመቱ ሰው በሰልፉ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከወንድሜ በጣም ያንሳል።

ዝርዝሩን ሶፍት ላይ ገለበጥኩት። ቦይንግ 737 ኒው ዮርክ 9 ቦታ። ኤርባስ 320 ኒው ዮርክ 6። 737 ቺካጎ 5። ኤርባስ 320 ሎስ አንጀለስ 4። 737 ዋሽንግተን 2። ቦይንግ 767 ኒው ዮርክ 2። ደመርኩት፤ 28። መቼም መምህር ነኝ።

ወንድሜ የሚኖረው ዋሽንግተን ጥግ፣ አሌክሳንድርያ ነው። ሚስትና የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አሉት። የሚፈልገው ግልጽ ነው፤ ዋሽንግተን። ግን 2 ቦታ ብቻ፣ እሱ ደግሞ 19ኛ።

ፈጢራ አዘዝኩ። ይህንንም ልመዝግበው፦ ማሩ እውነተኛ ማር ነው፣ እንቁላሉ ደርቋል፣ ሰሃኑ ከፈጢራው ያነሰ ነው። 120 ብር ለእኔ ውድ ነው። ለሁለት ሰው ግን ይበቃል።

ችግሩ የጀመረው አብሮት ከሚሠለጥን ጓደኛው ነው። ጓደኛው 16ኛ ነው፣ እሱም ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ይኖራል። «ዋሽንግተን እኛ ጋ አይደርስም። አንደኛ ብለህ ብትጽፋት ምርጫህ ይባክናል፤ ኒው ዮርክን አንደኛ አድርግ» ብሎታል። ወንድሜም አምኖታል። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ሳይ ፈተና ላይ «ሲ ይሆናል» ተብሎ ሹክ የተባለ ተማሪ መሰለኝ።

ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ተማሪዎቼ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞሉ በየዓመቱ ይዘውት ይመጣሉ። «ቲቸር፣ አንደኛ ያላደረግኩት ይንቀኛል ወይ?» ይሉኛል። መልሱ አመዳደቡ እንዴት እንደሚሠራ በማወቅ ላይ ነው። ስለዚህ ጠየቅኩት። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሰው ነው የሚጠራው ወይስ ቦታ?

«ሰው። ከ1ኛው ጀምሮ።»

አስተናጋጇን ስቴኪኒ እንድታመጣልኝ ለመንኳት። ሙሉ ዕቃውን አመጣችው። 28 ቆጥሬ ጠረጴዛው ላይ በስድስት ክምር ደረደርኩ። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ካሜራውን ወደ ታች አዞርኩለት። 1ኛው ሰው ይመጣል፤ አንደኛ ምርጫው ክፍት ነው? ይውሰድ። አንድ ስቴኪኒ አነሳሁ። 2ኛው ይመጣል። አንደኛው ካለቀበት ሁለተኛውን፣ እሱም ካለቀ ሦስተኛውን። 19ኛው ጋ ሲደርስ ከ18ቱ የተረፈው ብቻ ፊቱ ይቀርባል። ከተረፈው ውስጥ ወረቀቱ ላይ ከላይ የጻፈውን ይሰጡታል። በቃ። ኒው ዮርክን ሁለተኛ በማድረጉ፣ ኒው ዮርክን አንደኛ ያደረገ 20ኛ ሰው ሊቀድመው አይችልም። ተራው አልደረሰማ! ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት አሠራር ምርጫን አጣሞ መጻፍ ትርፍ የለውም። የምትወደውን ከላይ፣ የምትጠላውን ከታች ትጽፋለህ።

ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ካርታ የሚጫወቱ ሦስት ወጣቶች ነበሩ። መጫወት አቁመው ስቴኪኒዬን ማየት ጀመሩ። አንዱ «ኮንዶሚኒየም ነው፣ እትዬ?» አለኝ። አይደለም፣ አልኩት፤ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው።

ዕጣ ስል የራሴ ትዝ አለኝ። በ1994 ዓ.ም. ተመርቄ ስወጣ እኛ አዳዲስ መምህራንን አንድ አዳራሽ ሰበሰቡንና ዕጣ አስወጡን። የተጠቀለለች ወረቀት። የእኔ ለጋምቦ፣ ከአቅስታ አልፎ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። ለጋምቦን አልጠላኋትም፤ ሰው አግኝቼባታለሁ። ያናደደኝ ሌላ ነው። ዕጣው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ከተማ የቀሩ ነበሩ። እንዴት እንደቀሩ የነገረን የለም። ወንድሜ 19ኛ በመሆኑ ሲነጫነጭ ይሄ ነው ትዝ ያለኝ። 18ቱ ለምን እንደቀደሙት በስም፣ በዕድሜ፣ በዝርዝር ያውቃል።

ወደ ሶፍቴ ልመለስ። ዋሽንግተን አንደኛ ገባች። ሁለተኛው ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን።

እሱ 767ን ይፈልጋል። ትልቅ ነው፣ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ይሄዳል። እናታችን ብትጠየቅ ያለ ጥርጥር እሱን ትመርጥ ነበር፤ «ትልቁን ነው የሚያበረው» ለማለት። ክፍያውስ? በብዙዎቹ አየር መንገዶች የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ በሁሉም አይሮፕላን አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከሁለተኛው ዓመት ይጀምራል፣ ትልቁም የበለጠ ይከፍላል። እንግዲህ ትልቅነቱ ለጊዜው ለወሬ ነው።

በሌላ በኩል እስራቱ አለ። አንድ ወንበር ከያዝክ ብዙ ጊዜ ለሁለት ዓመት ገደማ ወደ ሌላ ዓይነት አይሮፕላን አትዛወርም። ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚሰጠው ሥልጠና ሳምንታት ይፈጃል፣ ውድ ነው፤ ኩባንያው በየጊዜው ሊያሠለጥንህ አይፈልግም። አይሮፕላኑን ሳትቀይር ከተማ መቀየር ግን ብዙ ጊዜ ይቀላል፤ ቁጥርህ ከደረሰ ትሄዳለህ። እዚህ ላይ ሶፍቴን በእስክሪብቶ ጠቆምኩለት። ዋሽንግተን ያለው 737 ነው። ኒው ዮርክም 737 አለ። ኒው ዮርክ 737 ላይ ከቆየ፣ ዋሽንግተን ቦታ ሲከፈት ያለ አዲስ ሥልጠና ይሻገራል። 767 ከያዘ ግን መንገዱ ይዘጋል። ኤርባስም እንደዚሁ።

ሌላው ሪዘርቭ የሚሉት ነው፤ ተጠባባቂነት። ጀማሪ ቋሚ ፕሮግራም አያገኝም። ስልኩን ይዞ ይቀመጣል። አንዳንዱ ጥሪ የ12 ሰዓት ያህል ፋታ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ግን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ አየር ማረፊያ ድረስ ይልሃል። ከአሌክሳንድርያ ኒው ዮርክ በባቡር ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ሆኖ መጠበቅ አይችልም። ብዙዎቹ ተሰባስበው አንድ ቤት ይከራዩና አልጋ ይጋራሉ። «ክራሽ ፓድ» ይሉታል። ሲያብራራልኝ የረጅም መንገድ ሹፌሮች አልጋ ቤት ታየኝ። ከሪዘርቭ የምትወጣው ከኋላህ ሰው ሲቀጠርና ቁጥርህ ከፍ ሲል ነው። 9 አዲስ ሰው የሚገባበት ቦታ የሚንቀሳቀስ ሰልፍ ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ የሚገባበት 767 ላይ ግን ጭራ ሆኖ ብዙ መክረም አለ።

በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ 737 ዋሽንግተን፣ 737 ኒው ዮርክ፣ ኤርባስ ኒው ዮርክ፣ 767፣ ቺካጎ፣ ሎስ አንጀለስ። 767ን አራተኛ ለማድረግ እንኳ ደሙ ፈልቶ ነበር። ልጅ እያለ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አጥር ሥር ቆሞ ያያት አይሮፕላን ከመስክ ትልቅ መስላው ነበር፤ አሁንም ያው ነው።

2 ሰዓት ከ40 ላይ መብራት ጠፋ።

የካፌው ጉድ እዚህ ጋ ወጣ። ጄኔሬተር አለ። ግን ጄኔሬተሩ ምድር ቤት ነው፤ ቁልፉ ዘበኛው ጋ፤ ዘበኛው ለራት ሄዷል። 54 ደረጃ ወርዶ የጠራው ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ ነው። ሰባት ደቂቃ ጨለማ። መብራቱ ሲመጣ ዋይፋዩ አብሮ አልመጣም፤ ሳጥኑ ተነቅሎ መሰካት ነበረበት፣ የት እንዳለ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። በስልክ ዳታ ሞከርኩ። ወንድሜ አፉን ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ደረቀ። 2 ሰዓት ከ52። «አስገባኸው? አስገባኸው ወይ?» እያልኩ ለደረቀ ምስል ጮህኩ። ካርታ ተጫዋቾቹም «አስገባው!» አሉ።

ለካ እሱ ከመብራቱ መጥፋት በፊት ልኮት ኖሯል። ሊያመሰግነኝ ነበር አፉን የከፈተው።

ቤቱ የሚዘጋው 3 ሰዓት ተኩል ነው። እኔን ሳያጣድፉ ወንበሮቹን ከሌላው ጥግ ጀምረው ሰበሰቡ። ይህን ጨዋነት ቆጥሬላቸዋለሁ። የመፀዳጃ ቤቱን ግን አልምርም፤ ቧንቧው አየር ብቻ ነበር፣ ባልዲም አልነበረም። ሙዚቃውን ሁለት ጊዜ ዝቅ አድርጉልን አልኩ፤ ሁለት ጊዜ ዝቅ አድርገው ሁለት ጊዜ መለሱት።

ውጤቱ በእኛ እኩለ ሌሊት ወጣ። ጠዋት የላከልኝን ድምፅ ከፈትኩ። 737 ኒው ዮርክ ደርሶታል። ከዋሽንግተን ሁለት ቦታ አንዱን 4ኛው ሰው ወሰደው። ሁለተኛው ማንም ሳይነካው ቆይቶ ለ17ኛው ሰው ደረሰ። 16ኛው፣ ያ ሜሪላንድ የሚኖረው ጓደኛው፣ ተራው ሲደርስ ቦታው ክፍት ነበር። ኒው ዮርክን አንደኛ ጽፎ ስለነበር ኒው ዮርክን ሰጡት። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ግማሽ ሳቅ፣ ግማሽ ኀዘን ነው። ሁለቱ አሁን አንድ ክራሽ ፓድ ሊከራዩ ተስማምተዋል።

እናታችን «ኒው ዮርክ ትልቅ ነው አይደል?» አለች። አዎ አልናት።

ደረጃ ልስጥ። ማኪያቶ ከ10 9። ፈጢራ 6። አስተናጋጅ 10፤ ተማሪዬ ስለሆነች አይደለም፣ ስቴኪኒውን መልሳ ስላልጠየቀችኝ ነው። ዋይፋይ መብራት ሲኖር 7፣ ሲጠፋ ዜሮ። ጄኔሬተሩ 3፤ ዘበኛው ራት ካልወጣ 8። ቁም ነገር ያለው ጥሪ ካላችሁ ከ2 ሰዓት በፊት ሂዱ፣ ዳታችሁን ሞልታችሁ ሂዱ። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ይዛችሁ አትሂዱ።

ሒሳቤ ሁለት ማኪያቶ 100፣ ፈጢራ 120፣ ውሃ 30፣ በጠቅላላው 250 ብር ሆነ። ደረሰኙ ላይ 270 ተጽፎ ነበር፤ አሳየኋቸውና ይቅርታ ጠይቀው 20 ብሬን መለሱ።